ከሩዝ ጋር አልተጣላሁም

ለዚህ ዓምድ የሚላኩልኝን ደብዳቤዎች በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው የማጠራቅማቸው። በዚህ ወር ካርቶኑን ገልብጬ ስለያያቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው። ሩዝ! «ቀንሱ ተባልን፣ በምን እንተካው?» ነው ነገሩ። ስለዚህ የኬኩም የዳቦውም ጥያቄ ለሚቀጥለው ይቆይ።

ለማታውቁኝ አንድ ሁለት ነገር ልበል። 19 ዓመት ሙሉ በትልቅ ማእድ ቤት ውስጥ ምግብ አብስያለሁ። ሩዝ የምቀቅልበት ድስት እኔን ራሴን ይይዝ ነበር። ከ6 ዓመት በፊት ሐኪሜ «ስኳርሽ ከፍ ብሏል» አለኝ። እኔ ደግሞ ነገር በልክ ማድረግ አልችልበትም። ቤት ገብቼ የነበረውን ሩዝ ሁሉ ለጎረቤት ሰጠሁ። 10 ቀን አልቀመስኩም። በ11ኛው ሌሊት ልጄ ከውጭ ይዞት የመጣውን ትራፊ ሩዝ፣ ያውም ቀዝቃዛውን፣ የፍሪጁ በር ላይ ቆሜ በማንኪያ ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ሩዝ የሚመስል ነገር መፈለጉን የተውኩት። በምትኩ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። ሩዙ ሰሃኑ ላይ ምን ሥራ ይሠራ ነበር? ስጎ ይመጥ ነበር? ሆድ ይሞላ ነበር? የሚታኘክ ነገር ይሰጥ ነበር? ወይስ ዝም ብሎ ልማድ ነበር? መልሱ ከምግብ ምግብ ይለያያል፤ ተተኪውም እንደዚያው። ይህን ይዘን ወደ ደብዳቤዎቹ እንግባ።

«እትዬ፣ አበባ ጎመን ተፈጭቶ ሩዝ ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ የጨቅላ ምግብ መሰለ። ባለቤቴ በማንኪያ ገልበጥ አድርጎ አይቶት ዳቦ ቆርሶ በላ። ምን እያጠፋሁ ነው?» (ሩዝ ወዳዷ)

እህቴ፣ የኔን የመጀመሪያ ሙከራ ብታዪ ትጽናኚ ነበር። አበባ ጎመኑን በብሌንደር አድቅቄ፣ ልክ እንደ ሩዝ ውሃ ጨምሬ፣ ከድኜ ቀቀልኩት። 19 ዓመት ያበሰለ ሰው! ልጄ ቀና ብሎ «ሾርባ ነው?» አለኝ። «አዎ ሾርባ ነው» ብዬ በጎድጓዳ ሰሃን አቀረብኩት። እስካሁን እውነቱን አልነገርኩትም።

ጠላትሽ ውሃ ነው። ከ100 ግራም አበባ ጎመን ውስጥ 92 ግራም ገደማው ውሃ ነው። ደረቅ ሩዝ ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው። አበባ ጎመን ደግሞ ውሃ የሚተፋ ነገር ነው። ስለዚህ ሩዝ ላይ የለመድሽው ሁሉ እዚህ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ክዳን የለም፣ ቀስ ያለ እሳት የለም፣ ውሃ መጨመር የለም።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። አበባ ጎመኑን ጠዋት አጥቤ በንጹሕ ፎጣ ላይ እተወዋለሁ። ማታ ስደርስበት ደርቆ ይጠብቀኛል። እርጥብ ሆኖ ከተከተፈ ገና ከመጀመሪያው ተበላሸ። ከዚያ መክተፊያ ማሽን ካለሽ ከግማሽ በላይ አትሙዪው። ቁልፉን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ፣ እያንዳንዷ ከአንድ ሰከንድ አትበልጥም። ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይበቃል። ይዘሽ ከቆየሽ ሥሩ ያለው ይልማል፣ ላዩ ያለው ድፍን ይቀራል። ማሽን ከሌለ ካሮት የምንፈቀፍቅበት መፈቅፈቂያ አለ፤ ትልልቅ ቀዳዳ ባለው በኩል። እውነቱን ልንገርሽና እኔ ከማሽኑ ይልቅ መፈቅፈቂያውን እመርጣለሁ። ፍሬው እኩል ይወጣል፣ የሚታጠበውም ዕቃ አንድ ብቻ ነው። ግንዱንም አትጣዪው። ጠንካራ ልጣጩን ገፈሽ አብረሽ ፈቅፍቂው፤ እንዲያውም ከአበባው የተሻለ የሚታኘክ እሱ ነው።

መጥበሻሽ ሰፊ ይሁን። ይህ ነገር የሚፈርሰው በጠባብ ድስት ውስጥ ሲቆለል ነው፤ ያኔ አይጠበስም፣ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግዪ፣ ሽንኩርቱን ቀድመሽ አቁላዪ፣ ከዚያ አበባ ጎመኑን በስሱ ዘርጊው። አንድ ደቂቃ ያህል አትንኪው። አንዴ አገላብጪ፣ እንደገና ተዪው። ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጥርስ ላይ ትንሽ እምቢ ሲል አውርጂው። ካለፈ ይለሰልሳል፤ ከመጠን በላይ ሲበስል የሚመጣው ያ የድኝ ሽታም ቤቱን ይሞላዋል። ጨው መጨረሻ ላይ! ጨው ውሃ ይጎትታል። ሦስቱም ሙከራሽ ላይ ጨዉን መጀመሪያ እንደጨመርሽ እጠረጥራለሁ።

በረዶ ሆኖ፣ ተከትፎ የሚሸጠውን አበባ ጎመን ከገዛሽ ደግሞ በረዶው ሳይሟሟ ቀጥታ ወደ ጋለው መጥበሻ ጨምሪው። ቀልጦ ከጠበቀሽ የጨቅላውን ምግብ ለአራተኛ ጊዜ ታገኚዋለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። 100 ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ 28 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት (ሰውነት ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው) እና 130 ካሎሪ አለው። ያው መጠን አበባ ጎመን 5 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፣ ከዚያም ውስጥ 2 ግራሙ አሰር ነው፤ ፋይበር የሚሉት፣ የማይፈጨው ክፍል። ካሎሪው 25 ብቻ ነው። ይህ ደስ ይላል። ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ርቦሽ ብስኩት ፍለጋ ትነሻለሽ ማለትም ነው። ሩዙ ሆድ ይሞላ ነበርና። ስለዚህ ሁለት እንቁላል ስበሪበት፣ ወይም ዶሮ፣ ወይም ዓሣ፣ ወይም የበሰለ ባቄላ ጨምሪበት፤ ዘይትም አትሰስቺ። ባለቤትሽ ዳቦ የቆረሰው ስለጠላው ብቻ አይመስለኝም፤ ርቦትም ነው።

«እትዬ፣ ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ከምግብ በፊት ኢንሱሊን ይወጋል። ከሳምንት በፊት ሩዙን ሁሉ በአትክልት ቀየርኩለት። ሁለት ማታ ከራት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ እጁ ተንቀጠቀጠ። ሰውነቱ እስኪለምደው ነው አይደል?» (ተስፋ ያደረገች)

አይደለም። ይህን ደብዳቤ እንዳነበብኩ በመጽሔቱ በኩል መልስ ልኬልዎታለሁ። እዚህም የማወጣው እንደ እርስዎ በቅን ልብ የሚያደርጉ ብዙ ስለሚኖሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምግብ በፊት የሚወጋው ኢንሱሊን የታዘዘው ሰሃኑ ላይ ያለው ካርቦሃይድሬት ታስቦ ነው። አንድ መለኪያ ኩባያ የበሰለ ሩዝ ወደ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ያው ኩባያ አበባ ጎመን 5 ግራም ገደማ ነው። መርፌው ለ45ቱ መጣ፣ ሰሃኑ ላይ 5 ብቻ ጠበቀው። የቀረው ኢንሱሊን ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ማውረዱን ይቀጥላል። ላቡም መንቀጥቀጡም የዚያ ምልክት ነው። የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ እንዲህ ያደርጋል፤ ሲብስ ራስን ያስታል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪሙን ያነጋግሩ። የመርፌውን መጠን በራሳችሁ አትቀንሱ። ሐኪሙ እስኪያስተካክል ድረስ የቀድሞውን ምግብ ይመልሱለት። እንደገና ካንቀጠቀጠው ስኳሩን ይለኩ። ዝቅ ብሎ ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይስጡት፤ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ማለት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ካልተነሳ ይድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፣ ወደ ሕክምና ነው የሚሮጠው።

ክኒን ብቻ የምትወስዱም «እኔን አይመለከተኝም» እንዳትሉ። እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉት ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ስማቸው በ«ግሊፍሎዚን» የሚያልቅ የስኳር መድኃኒቶች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ካርቦሃይድሬት በጣም ሲቀነስ ኪቶአሲዶሲስ የሚባል፣ ደምን አሲዳማ የሚያደርግ አደገኛ ሁኔታ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ስኳሩ ሲለካ ያን ያህል ከፍ ሳይል እንኳ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ብሮኮሊና ጥቅል ጎመን ቫይታሚን ኬ እንዳላቸው እወቁ። መብላት አትከለከሉም፤ ግን ድንገት ከምንም ተነስቶ በየቀኑ መብላት የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል። ለሐኪም ተናግራችሁ፣ መጠኑን ሳታለዋውጡ ብሉ።

እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልናገርም።

«ነጭ ሩዝ ትቼ ኩስኩስ ጀመርኩ። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ስኳሬ ንቅንቅ አላለም። ምን ይሻለኛል?» (ጋሼ ኩስኩስ)

ጋሼ፣ ኩስኩስ እኮ ስንዴ ነው! የደቀቀ ፓስታ በሉት። 100 ግራም የበሰለ ኩስኩስ 23 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ከሩዝ 28 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሁለት ጉርሻ አይሞላም። የሩዝ ቅርጽ ያላት ያቺ ትንሿ ፓስታም ያው ናት።

እዚህ ላይ ሁለት ቃል የሚምታታባቸው ብዙ ናቸው። «የተሻለ» እና «ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ያለ» አንድ አይደሉም። ኪኖዋ የሚባለው እንደ እህል የሚበስል ፍሬ በስሎ በ100 ግራም 21 ግራም ገደማ አለው። ቡልጉር፣ ማለትም ተቀቅሎ ደርቆ የተከካው ስንዴ፣ 19 ገደማ። ቡናማ ሩዝ ከነጩ ብዙም አይርቅም። እነዚህ ከነጭ ሩዝ የበለጠ አሰር አላቸው፤ ቡልጉር 4 ግራም ተኩል ገደማ ሲኖረው ነጭ ሩዝ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የተሻሉ ናቸው። ዝቅ ያሉ ግን አይደሉም። እንደ ሩዝ ቆልለው ከበሏቸው እንደ ሩዝ ይቆጥሩብዎታል።

ገብስ ደግሞ አስገራሚ ነው። የተፈተገው ገብስ በስሎ ካርቦሃይድሬቱ ከሩዝ እኩል ነው፤ 28 ግራም። ግን ቤታ ግሉካን የሚባል ዝልግልግ አሰር ስላለው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ጠባዩ ሌላ። ለእርስዎ ቡልጉር ወይም ገብስ፣ በግማሽ መጠን፣ የቀረውን የሰሃን ቦታ በአትክልት ሞልተው ቢሞክሩት እመክራለሁ። ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳርዎን ይለኩና ራስዎ ይፍረዱ። የኔ ሰውነት ቡልጉርን ይታገሣል። የእህቴ ግን አይታገሥም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ፓኬት ላይ የተጻፈውን ስታነቡ የደረቀው ነው ወይስ የበሰለው የሚለውን እዩ። ደረቅ ሩዝ በ100 ግራም 80 ያህል ካርቦሃይድሬት ይላል፣ የበሰለው 28። ያው ሩዝ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ነው። አንዱን ደረቅ ከሌላው የበሰለ ጋር አስተያይታችሁ «ይሄ በጣም ይሻላል» ያላችሁኝ አራት ሰዎች አላችሁ። ስም አልጠራም።

«ከኮንጃክ የተሠራ ሩዝ ሰው ከውጭ አመጣልኝ። ከፈትኩት፤ የዓሣ ገበያ ሸተተኝ። ተበላሽቶ ነው? ልጣለው?» (አፍንጫዬ አዋቂ)

አትጣለው፣ ወንድሜ። ሽታው የተፈጥሮው ነው። ኮንጃክ የአንድ ተክል ሥር ነው። ጃፓኖች ከዱቄቱ ሺራታኪ የሚሉትን ክር የመሰለ ምግብ ይሠራሉ፤ ስሙ «ነጭ ፏፏቴ» ማለት ነው። ያንተው በሩዝ ቅርጽ የተቆረጠው ነው። ዱቄቱ እንዲረጋ የኖራ ውሃ ይጨመርበታል፤ ያ ሽታ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

በማጥለያ አድርገህ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ደቂቃ ያህል እጠበው። ከዚያ በፈላ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀቅለህ አጥልለው። ቀጥሎ ያለውን ሰዎች ይዘሉታል፤ አንተ እንዳትዘለው። ምንም ዘይት በሌለው መጥበሻ ላይ አድርገህ አድርቀው። መጀመሪያ ይንሿሿል፣ በኋላ ሲደርቅ እየጮኸ መዝለል ይጀምራል። ያኔ ደርሷል። ስጎ የሚይዘው ከደረቀ ብቻ ነው።

97 በመቶው ውሃ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ግሉኮማናን የሚባል አሰር። የሚፈጭ ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል። ጣዕምም የለውም! ጎማ ጎማ የሚል ነገር ነው፣ አልዋሽህም። በቅመም ለተሞላና መረቅ ላለው ምግብ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ከቅቤ ጋር ግን አይሆንም። ደህና አድርገህ አኝከው። ጉሮሮህ የሚጠብብህ ወይም ለመዋጥ የምትቸገር ከሆነ ይቅርብህ፤ አሰሩ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ትንሽ ብላ። እኔ ሙሉ ፓኬት በልቼ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴ ሲያጉረመርም አድሯል።

«ቤት ውስጥ አምስት ነን። አማቴ ያለ ሩዝ በላሁ አይሉም፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው፣ ሩዝ የተከለከልኩት እኔ ብቻ። በየቀኑ ሁለት ድስት መጣድ ሰለቸኝ።» (የሁለት ድስት እናት)

የኔ ቆንጆ፣ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የኔን ቤት የጻፍሽ መስሎኝ። ሁለት ድስት አትጣጂ። አንድ ድስት ሩዝ ለቤቱ ጣጂ፣ አንድ መጥበሻ ደግሞ አትክልት ለቤቱ ሁሉ። «ለቤቱ ሁሉ» የሚለው ላይ ነው ቁም ነገሩ። ያንቺ ለብቻ የተሠራ የሕመምተኛ ምግብ መሆኑ ሲቀር ድካሙም ይቀንሳል፣ ሆድ መባሱም።

የሰሃኑን አከፋፈል ደግሞ የስኳር ሕክምና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያስተምሩታል። ግማሹ ስታርች የሌለው አትክልት (ስታርች ሩዝ፣ ዳቦና ድንች ውስጥ የሚበዛው ካርቦሃይድሬት ነው)፣ ሩቡ ሥጋ ወይም እንቁላል ወይም ጥራጥሬ፣ ሩቡ ሩዝ ወይም ሌላ ስታርች። ሐኪምሽ ጭራሽ አትንኪ ካላለሽ በስተቀር ያቺን ሩብ አንቺም ትበያለሽ። ልጆቹ ላይ ግን ሩዝ አትቀንሺ። የሚያድጉ ልጆች ናቸው፤ ያንቺን ትእዛዝ እነሱ ላይ አትጫኚ። አማትሽንም ተያቸው። በዚያ ዕድሜ ከሩዝ ጋር የሚያጣላ ሰው አይወደድም።

አሁን ስለ አትክልቱ። ሁሉም ሰው አበባ ጎመን ይላል። እኔ የምወደው ጥቅል ጎመን ነው። ካርቦሃይድሬቱ በ100 ግራም 6 ግራም ገደማ፣ ከዚያ 2 ግራም ተኩሉ አሰር። በፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ውሃውን እንደ አበባ ጎመን ቶሎ አይለቅም። አራት ቦታ ሰንጥቂው፣ እምብርቱን አውጪው፣ በስሱ ሸርክቺው፣ ከዚያ ሽርክቱን አገላብጠሽ በአግድም ክተፊው። የሩዝ ፍሬ ያህል ይሆናል። በጋለ ዘይት ላይ ስምንት ደቂቃ ገደማ፣ ጠርዙ ትንሽ ወርቃማ እስኪሆን። ትንሽ ይጣፍጣል፤ የሚገርመው ስጎ ሲፈስበት አይሟሟም። እኔ ቤት አሁን ስጎ ያለበት ምግብ ሁሉ በጥቅል ጎመን ላይ ነው የሚቀርበው። ልጄ ሳይጠየቅ ደግሞ ይወስዳል። አበባ ጎመን ላይ ይህን አላደረገም።

ሌላውን ባጭሩ ልበልሽ። የተሞላ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ከሆነ የምትሠሪው ጥሬ አበባ ጎመን ፈቅፍቀሽ ከሥጋው ጋር ለውሺ፤ ውስጡ ይበስላል፣ ሩዝ እንዳልሆነ አማትሽ እንኳ ላይነቁ ይችላሉ። ሾርባ ውስጥ ለሚገባ ሩዝ የብሮኮሊ ግንድ በደቃቁ ተከትፎ ይተካዋል። ከእንቁላልና ከሽንኩርት ጋር ለሚጠበስ ሩዝ እንጉዳይ በደቃቁ ከትፈሽ ውሃው እስኪጠፋ ጥበሺና ከጥቅል ጎመኑ ጋር አዋህጂው። ዝኩኒን ግን ተዪው። 95 በመቶ ውሃ ነው፤ ምን ብትጨምቂው ያለቅሳል።

ሆድ የሚሞላ ነገር በምትፈልጊበት ቀን ደግሞ ምስር። ካርቦሃይድሬት አለው፣ በስሎ በ100 ግራም 20 ግራም። ግን 8 ግራም አሰርና 9 ግራም ፕሮቲን ይዞ ነው የሚመጣው። ሩዝ ይህን አይሰጥሽም።

አንቺ ሩዝ ስትበይ ደግሞ ተራውን አስተካክዪ። አትክልቱንና ሥጋውን ቀድመሽ ብዪ፣ ሩዟን መጨረሻ። ያው ምግብ፣ ያው መጠን ሆኖ ተራው ሲቀየር ብቻ ከምግብ በኋላ የሚነሳው ስኳር ዝቅ እንደሚል በጥናት ታይቷል። እኔም በመለኪያዬ አይቼዋለሁ።

«ሩዝ ቀቅሎ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮ መብላት ካርቦሃይድሬቱን ያጠፋዋል የሚባለው እውነት ነው? እውነት ከሆነ ለምን እንለፋለን?» (ሰነፉ)

ሰነፉ፣ ስምህን ወድጄዋለሁ። ግማሽ እውነት ነው።

የበሰለ ሩዝ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ የተወሰነው መልሶ ይጠነክርና በትንሹ አንጀት የማይፈጭ ይሆናል። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ትኩስ የበሰለ ነጭ ሩዝ በ100 ግራም 0.64 ግራም የማይፈጭ ስታርች ነበረው። 24 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ እንደገና የሞቀው ደግሞ 1.65 ግራም ነበረው። የበሉት ሰዎች ስኳርም በትንሹ ዝቅ ብሏል። ከእጥፍ በላይ ጨመረ ስትለው ብዙ ይመስላል። ግን አስላው፤ ከ28 ግራም ውስጥ የተነሳው 1 ግራም ነው። ሌላው እንዳለ ተቀምጧል። ሩዝ መብላትህ ካልቀረ የቀዘቀዘውን መብላት አይጎዳም። ተተኪ ግን አይደለም።

አይጎዳም ያልኩት በደንብ ከቀዘቀዘ ነው። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴረስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ሲቀቀል አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ከቆየ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ይሠራል። መርዙን ደግሞ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ ድስት ሩዝ ምድጃው ላይ ረስቼ አደርኩ። ጠዋት «ምን ይሆናል» ብዬ አሙቄ በላሁት። ስለቀረው ቀን አልናገርም፤ የምግብ ገጽ ላይ ነን።

ስለዚህ እንደወጣ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጋው፣ ቶሎ ይበርዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። በማግስቱ ብላው፤ ስታሞቀው እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ አሙቀው፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ።

«አበባ ጎመን በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋል። ሰው ፊት አፈርኩ።» (ስሜ ይቆየኝ)

አይፈሩ፣ ብቻዎን አይደሉም። አበባ ጎመን ውስጥ ማኒቶል የሚባል ስኳር አለ፤ ብዙ ሰው በደንብ አይፈጨውም፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ይብላላል። እንጉዳይም ላይ አለ። መጠኑን ወደ አራት ማንኪያ አውርደው ይጀምሩ፣ ወይም ወደ ጥቅል ጎመን ይለፉ። ያም ካልሆነልዎት ቡልጉሯን በትንሹ ይብሉ።

«እትዬ፣ አያቴ ይሠሩልኝ የነበረውን በወተትና በስኳር የበሰለ ሩዝ በምን ልተካው? የቀረውን ሁሉ ትቻለሁ፣ እሱን ግን አልቻልኩም።» (የአያቷ ልጅ)

ልጄ፣ የዚህን ካርቶን ከባድ ጥያቄ አንቺ ነሽ የጠየቅሽው። አራት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አበባ ጎመን በወተት ቀቀልኩ፤ ወተት ውስጥ የወደቀ አበባ ጎመን ሆነ። ኮንጃክ ሞከርኩ፤ ማኘክ የማያልቅ ጣፋጭ ሆነ። የቺያ ፍሬ በወተት አሳደርኩ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ጠዋት ጠዋት እበላዋለሁ፣ ግን ያ አይደለም። አራተኛው እንቁላልና ኮኮናት ነበረው፤ እሱን ውሻችን ሸተት አድርጎ ሄደ።

ያ ምግብ የሚሠራው ስታርቹ ወተቱ ውስጥ እየሟሟ ስለሚያወፍረው ነው። ስታርቹን አውጥተሽ ያንኑ ምግብ አታገኚውም። ስለዚህ እኔ መተካቱን ተውኩት። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በእውነተኛው ሩዝ፣ በእውነተኛው ወተት፣ ስኳሩን በግማሽ ቀንሼ፣ ቀረፋ ጨምሬ እሠራዋለሁ። በቡና ስኒ ነው የምቀዳው። የዚያን ቀን ራት ላይ ሌላ ስታርች አልነካም። የቀረውን ድስት ወዲያው ለጎረቤት አስወስዳለሁ፤ የፍሪጁን በር አላምነውማ።